የተደራጁትን ቆጠርን፣ የዘለቁትንስ?

“ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ይላሉ አበው። ወጣቱን ከሥራ አጥነት ለማውጣት መንግሥት ሲያደርግ የቆየው ጥረት በአብዛኛው በዚህ አባባል ላይ የቆመ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መፈክሩ አንድ ነው፤ “ተደራጁ!”

እንደሚታወቀው በሀገራችን የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ የወጣው በ1990 ዓ.ም. ሲሆን በ2003 ዓ.ም. ተሻሽሏል። በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የተያዘለት የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በአዋጅ ተቋቋመ። በ2011 ዓ.ም. የሥራ ዕድል ፈጠራ ኮሚሽን መጣ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጉዳዩ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሆነ። ስለዚህ “መንግሥት ምን ሠራ?” የሚለውን የካፌ ወሬ አልቀበለውም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ የተደራጁት የት ደረሱ?

ይህን የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ታላቅ ወንድሜ በቴክኒክና ሙያ ብረታ ብረት ተምሮ ደረጃ 3 የጨረሰ በያጅ ነው። በ2010 ዓ.ም. የመበየጃ ማሽን መግዣ ብድር ፈልጎ አንድ ወረዳ ቢሄድ “አምስት ሆናችሁ ኑ” ተባለ። በግል የሚባል አማራጭ በመመሪያ ላይ ባይጠፋም መስኮቱ ላይ የተሰጠው መልስ ይኸው ነበር። ታዲያ ምን ያድርግ? ሰው መልቀም ጀመረ። አንዱ አብሮት የተማረ ልጅ ነው፤ ይህ ደህና። ሁለተኛዋ በአካውንቲንግ ዲፕሎማ ይዛ ቅጥር የምትጠብቅ የጎረቤት ልጅ፣ ሦስተኛው ፓስፖርት አውጥቶ ወደ ዐረብ ሀገር ለመሄድ ቀን የሚቆጥር፣ አራተኛው ደግሞ ብየዳ ሲያይ ዐይኑን የሚጨፍን የአክስታችን ልጅ! የምስክር ወረቀት በተሰጠ ቀን “ለአምስት ወጣቶች ቋሚ የሥራ ዕድል ተፈጠረ” ተባለና ተጨበጨበ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ምሳ የማደርስላቸው እኔ ስለነበርኩ የሆነውን ሁሉ አይቻለሁ። ዓመት ሳይሞላ አንዱ ሄደ። ልጅቷ ተቀጠረች፤ እሰየው ነው። የአክስታችን ልጅ ብቅ የሚለው ሒሳብ የሚከፈል ቀን ብቻ ሆነ። የቱቦላሬና የላሜራ ዋጋ ሲጨምር የብድሩ ወርኃዊ ክፍያ አልጠበቃቸውም። ብድሩ በእርስ በርስ ዋስትና የተወሰደ ነውና ሰው ሲሄድ ዕዳው አብሮ አይሄድም። በሁለተኛው ዓመት ሼዱን አስረከቡ። ወንድሜና ጓደኛው በሰው ጋራዥ በቀን ሒሳብ እየበየዱ የአምስቱን ዕዳ ለሁለት ከፍለው ለመጨረስ ሁለት ዓመት ፈጀባቸው። ሃምሳው ሎሚ ተመልሶ የአንድ ሰው ሸክም ሆነ ማለት ነው። ሪፖርቱ ላይ ግን ዛሬም አምስት ናቸው፤ መጥቶ የሰረዘ የለም።

በክፍል ውስጥ ስለ ቡድን ዋስትና ስንማር የባንግላዴሹ ግራሚን ባንክ በምሳሌነት ይነሳል። እዚያም ቢሆን ተበዳሪዎቹ አምስት አምስት ሆነው ይሰባሰባሉ። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፤ እዚያ እያንዳንዷ የምትበደረው ለየራሷ ሥራ ነው። እኛ አምስቱን አንድ መበየጃ ላይ አሰለፍናቸው። መተዋወቅና መተማመን ሌላ፣ አንድ ድርጅት አብሮ መምራት ሌላ!

በርግጥ ማኅበራቱ የሠመሩበት ጊዜም አለ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በኮንዶሚኒየም ግንባታ ብሎኬት፣ በርና መስኮት እያመረቱ፣ በኮብልስቶን ድንጋይ እየጠረቡና እያነጠፉ ብዙ ወጣቶች ቁምነገር ላይ ደርሰዋል። ለምን ቢሉ፣ ከመደራጀቱ በፊት ገዢው ነበረ። ገዢው ራሱ መንግሥት ነው። ግንባታው ሲቀዛቀዝ ግን ሌላ ገበያ ያልለመደው ማኅበር ሁሉ ተቸገረ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ብድር ያለ ገበያ ዕዳ ነው።

“ለብቻው ለሚመጣ ድሃ ወጣት ያለ ዋስትና ማን ያበድራል?” የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን እዚሁ ሀገር አለ። የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ኩባንያዎች ማሽኑን ገዝተው በሊዝ ይሰጣሉ፤ ተከፍሎ እስኪያልቅ ማሽኑ የኩባንያው ንብረት ነው። ዋስትናው ብረቱ ራሱ ነው ማለት ነው። ይህ መንገድ ሙያ ላለው አንድ ሰው ይስፋለት። በቡድን መሥራት የፈለገም በምርጫው ይደራጅ እንጂ ቁጥር ለመሙላት አይሁን። ሪፖርቱም “ስንት ተደራጁ?” ብሎ አይብቃ፤ “ከሁለት ዓመት በኋላ ስንቱ አሉ?” ይበል።

እስኪ ወደ ራሳችን እንመለስ። ትምህርት ክፍላችን በየዓመቱ የሚቀበለው የመመረቂያ ጽሑፍ ብዙ ነው። አብዛኛው ከተሟገትን በኋላ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። ለምን ጥቂቶቻችን አንድ ወረዳ ይዘን ከሁለት ዓመት በፊት የተደራጁትን ማኅበራት በየቤታቸው ሄደን አንጠይቅም? ብዙ በጀት አይፈልግም፤ የትብብር ደብዳቤ፣ የታክሲ ሒሳብና ጫማ ብቻ ነው። መምህራኖቻችን ርዕሱን ቢያጸድቁልን የመጀመሪያው ተመዝጋቢ እኔ ነኝ።

ነገ እኛም ዲግሪ ይዘን እዚያው መስኮት ፊት መቆማችን አይቀርም። “አምስት ሆናችሁ ኑ” ከመባላችን በፊት፣ ከኛ በፊት አምስት ሆነው የሄዱት የት እንደደረሱ እንወቅ እላለሁ።

ቸር እንሰንብት!