በገለባ የተወሰነ ወንበር

«የኔ አንድ ድምፅ ምን ታመጣለች?» የሚል ሰው ሲገጥመኝ የብላይዝን ነገር አነሳለታለሁ።

ብላይዝ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኖርዘምበርላንድ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 በተደረገው የአካባቢ ምክር ቤት ምርጫ፣ በደቡብ ብላይዝ የወግ አጥባቂዎቹና የሊበራል ዴሞክራቶቹ ዕጩዎች እኩል 356 ድምፅ አገኙ። ደጋግመው ቆጠሩ፤ ያው ሆነ።

የአገሩ ሕግ ድምፅ እኩል ሲመጣ በዕጣ ይለይ ይላል። እናም እንደ እቁብ ዕጣ ወጣ፤ ገለባ ተመዘዘ። ረጅሙ ለሊበራል ዴሞክራቷ ደረሰ። ወግ አጥባቂዎቹ ከ67ቱ ወንበሮች 33 ይዘው ቀሩ። አብላጫ ለመሆን የጎደለቻቸው ያቺው አንዲት ወንበር ነበረች።

ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ ይስቃል። እኔ በዕጣው አልስቅም፤ ዕጣ አያዳላም። የሚቆጨኝ «ሥራ አለኝ፣ ደግሞስ ሁሉም ያው ናቸው» ብሎ ቤቱ የቀረው ሰው ነው። እኔም እንዲህ ብዬ የቀረሁበት ቀን አለና አውቀዋለሁ። ከነዚያ ከቀሩት አንዱ ብቻ ብቅ ብሎ ከሁለቱ የፈለገውን ቢመርጥ ኖሮ ገለባ ባላስፈለገ!

የአካባቢ ምክር ቤት ሲባል ሰው ይንቀዋል፤ ፓርላማ አይደለማ። ግን የሰፈሩ መንገድ፣ የቆሻሻው መኪና፣ የአዛውንቶች እንክብካቤ በዚያ ምክር ቤት እጅ ነው።

አለመምረጥም መብት ነው፤ አልከራከርም። «ድምፄ ከገለባ ትቀላለች» ለሚለኝ ግን መልሴ አንድ ነው፦ ብላይዝ ላይ ገለባ የወሰነው አንድ ሰው ስለቀረ ነው።