የሱቃችን ዕቃ የት ይጎድላል?

በሸማቾች ማኅበር ሱቅ ስኳር ሲጎድል ጣታችን ቶሎ ወደ ሻጩ ይቀሰራል። «በላው!» እንላለን። ሳይመዝኑ መፍረድ ግን ደግ አይደለም።

ጉድለቱ ብዙ ጊዜ ከበር ይጀምራል። ጆንያው ላይ 50 ኪሎ ተብሎ ተጽፏል። እውነት 50 ነው? በመንገድ የተቀደደ፣ የፈሰሰም ይኖራል እኮ። ከያንዳንዱ ጆንያ ግማሽ ኪሎ ቢጎድል ከ20 ጆንያ 10 ኪሎ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ዕቃው ሲደርስ ሚዛን ላይ ይውጣ። የተገኘው ኪሎ በመረከቢያው ወረቀት ይጻፍ። አስረካቢውም ተረካቢውም ይፈርሙበት። መኪናው ከሄደ በኋላ ማን ይሰማናል?

ሽያጩም አለ። ሻጩ ደግ ልሁን ብሎ በየኪሎው 20 ግራም ቢያስበልጥ፣ ከ50 ኪሎው ጆንያ ሒሳብ የሚገባው የ49 ኪሎ ብቻ ነው። አንዱን ኪሎ ሌባ ሳይነካው አጣነው።

ዱቄትና እህልን ደግሞ አይጥ፣ ነቀዝና እርጥበት ይሻሟቸዋል። ጆንያው በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይደርደር። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይሸጥ።

አሁን ወደ ዕቃው ካርድ እንምጣ። ካርዱ ላይ ሦስት ቃላት አሉ፦ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። እነዚህን ካነበብን ካርዱን አነበብን። በየወሩ መጨረሻ ከአባላቱ ሁለት ሰው ገብቶ ይቁጠር። ካርዱ ቀሪ 12 ጆንያ ብሎ መጋዘኑ ውስጥ 11 ከተገኘ፣ ሻጩ ያን ጊዜ ይጠየቅ። እሱም የተፈረመበትን ወረቀት ይዞ ይመልስልን።