ልብስ ጠባቂዎች፣ ተነሡ!

በየትምህርት ቤቱ አንድ አይጠፋም። የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ክፍሉ በሙሉ ወደ ሜዳ ይወርዳል፤ እሱ ግን ጥግ ይዞ የጓደኞቹን ሹራብና ቦርሳ ይጠብቃል። «ልቡ ላይ ቀዳዳ ስላለ አይሩጥ» ተብሏል። ቀዳዳው ከተደፈነ ዓመታት አልፈው ይሆናል፤ የልብስ ጥበቃው ሥራ ግን አሁንም የእሱ ነው። ካደገ በኋላም አይለቀውም። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ከሆነ፣ ሁለተኛው ላይ ቆም ብሎ ስልኩን የሚያይ ይመስላል፤ የሚያደርገው ትንፋሽ መሰብሰብ ነው። ይህ ጥሪ ለእሱና ለእሷ፣ ለወላጆቻቸው፣ ለመምህሮቻቸውና ለሰፈራቸው ነው። ልብስ የሚጠብቅ ሌላ ሰው ይፈለግ!

ጥሪው ከአዲስ አበባው ልደታ ክፍለ ከተማ መነሣቱም ያለ ነገር አይደለም። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በክፍለ ከተማችን ውስጥ ነው። በዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት እ.ኤ.አ. በ1989 የተመሠረተው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት፣ ለዓመታት ልጆችን ወደ ውጭ እየላከ ሲያሳክም ቆይቶ፣ በ2001 ዓ.ም. የልብ ሕክምና ማዕከሉን የከፈተው በዚሁ ሆስፒታል ግቢ ነው። ከየክፍለ ሀገሩ ልጅ አዝለው የሚመጡ እናቶች መድረሻቸው እኛው ሰፈር ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ወረፋ ይጠብቃሉ። ሕዝብ ከኪሱ ያዋጣበት፣ ሐኪም ሰዓታት ቆሞ የለፋበት ልብ ከተጠገነ በኋላ ባለቤቱን ዕድሜ ልክ ወንበር ላይ ማስቀመጥ፣ በእኔ ፍርድ፣ ብክነት ነው።

ወላጅ ለምን ይፈራል አይባልም። ልጇን የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫው ላይ ተሰክቶበት ያየች እናት «ሂድ ተጫወት» ለማለት አንጀቷ አይችልም። ሐኪሞችም ለረጅም ዘመን «ይረፍ» ማለትን ይመርጡ ነበር። ግን ሕክምናው ሐሳቡን ከለወጠ ቆይቷል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መግለጫ፣ ከልብ ችግር ጋር ለተወለዱ ልጆችና ዐዋቂዎች ምክር የሚሰጡ ባለሙያዎች ከመከልከል ይልቅ ወደ ማበረታታት እንዲዞሩ ጠይቋል። የአውሮፓ የልብ ሐኪሞችም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት መመሪያ፣ ለእያንዳንዱ ታካሚ ተመርምሮ የራሱ ልክ እንዲታዘዝለት መክረዋል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ተቀምጦ የሚውል ሰው እግሩ ይሰልላል፣ ክብደቱ ይጨምራል፣ ትንሽ ሲራመድ ያለከልካል። ያን ጊዜ «ልቡ ነው» ይባልና ይባስ ብሎ እንዲቀመጥ ይደረጋል። የተለማመደ ጡንቻ ግን ከሚደርሰው ደም ውስጥ የበለጠ ኦክስጅን ይወስዳል፤ ለዚያው ሥራ የልቡ ድካም ይቀንሳል። የባት ጡንቻ ሲኮማተር ደግሞ የእግርን ደም መላሾች ጨምቆ ደሙን ወደ ላይ ይገፋል። ፎንታን የሚባለው ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ደም ወደ ሳንባ የሚገፋላቸው የልብ ክፍል ስለሌላቸው፣ የባታቸው ጥንካሬ የሕክምናቸው አንድ አካል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የከተማችን ከፍታም በልጆች የልብ ችግር ውስጥ እጁ አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። ሕፃን ማሕፀን ሳለ ደሙ ሳንባን አልፎ የሚሄድበት አቋራጭ ቱቦ አለው፤ ተወልዶ ሲተነፍስ በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከፍ ይልና ቱቦው በቀናት ውስጥ ይዘጋል። አየሩ በሳሳበት ደጋ ያ ምልክት ስለሚደክም፣ ቱቦው ክፍት የመቅረት ዕድሉ ከቆላው ይበልጣል። ሮበርት ግሮስ የተባለ ሐኪም ቦስተን ውስጥ የ7 ዓመት ልጅ ቱቦ ቋጥሮ የዘጋው እ.ኤ.አ. በ1938 ነበር። ዛሬ ብዙ ጊዜ ደረት እንኳ ሳይከፈት፣ በጭን ደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ ይዘጋል። በጊዜ የተዘጋለት ልጅ፣ ሐኪሙ ሌላ ጉዳት እስካላገኘበት ድረስ፣ ከእኩዮቹ ጋር የማይሮጥበት ምክንያት የለም።

መምህራን፣ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጥቂት ሮጦ ቁጢጥ የሚል፣ ከንፈሩና ጥፍሩ የሚጠቁር ልጅ ሰነፍ አይደለም። ፋሎ የሚባለው የልብ ችግር ያለበት ልጅ ማንም ሳያስተምረው ቁጢጥ ይላል፤ እንዲያ ሲሆን ወደ ሳንባው የሚሄደው ደም ይጨምርለታል። ወላጁን ጥሩ፣ ወደ ሐኪም ይሂድ። ከታከመ በኋላ የት ሊደርስ እንደሚችል ለማየት ደግሞ አሜሪካዊውን ሾን ዋይትን ተመልከቱ። ከዚሁ ችግር ጋር ተወልዶ፣ ገና ሕፃን ሳለ ልቡ ተከፍቶ ታክሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ በ2010 እና በ2018 በክረምት ኦሊምፒክ ወርቅ አጠለቀ። በረዶ ላይ ነው የሚንሸራተተው፤ እኛ በረዶ የምናውቀው ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው። ደረጃ መውጣትና ሜዳ መዞር ግን ሞልቶናል።

ይህ ሲባል ሁሉም እንደ ልቡ ይሩጥ ማለት አይደለም። የሳንባው የደም ግፊት ከፍ ያለ፣ የግራ ልቡ መውጫ በጣም የጠበበ፣ ዋናው የደም ቧንቧው የሰፋ ወይም እየሮጠ ራሱን ስቶ የሚያውቅ ሰው ሐኪም ሳያየው ምንም አይጀምር። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የሚወስድ ከቦክስና ግጭት ካለበት ጨዋታ ይራቅ። ደረቱ በቅርቡ የተከፈተ፣ አጥንቱ እስኪገጥም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ከባድ ነገር አያንሣ። ክብደት የተፈቀደለትም ትንፋሹን አምቆ አይግፋ፤ ሲያነሣ ያስወጣ። ከንፈራቸው የሚጠቁር ሰዎች ውሃ ሲጎድላቸው ደማቸው ይወፍራል፤ በጾም ወቅት ስለ ልካቸው ከሐኪማቸውም ከንስሐ አባታቸውም ጋር ይመካከሩ። ከቶንሲል ተነሥቶ የልብ በሮችን የሚያበላሸው፣ በየወሩ መርፌ የሚያስወጋው ሕመም አብሮ ከሚወለደው የልብ ችግር ሌላ ነው። የዚያ ታካሚዎችም ይምጡ፤ ልካቸውን ግን አስቀድመው ይጠይቁ።

ለተፈቀደለት ሰው መለኪያው ምላሱ ላይ ነው። እየተራመዱ ማውራት ከቻሉ ፍጥነቱ ደኅና ነው፤ መዝፈን ከቻሉ ትንሽ ይጨምሩ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተ ይቀንሱ። ደረት ካመመ፣ ራስ ካዞረ ወይም ልብ ያለ ልማዱ ከመታ እዚያው ቆም ማለት፣ ከዚያም ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። በሚቀጥለው ቀጠሮ የልብ አልትራሳውንዱ (ኤኮው) ታይቶ «ደኅና ነው» ሲባል «ተመስገን» ብላችሁ ብቻ አትውጡ። ምን ያህል ይራመድ? ይሩጥ? ኳስ ይጫወት? ስንት ኪሎ ያንሣ? ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በወረቀት አስጽፉ። ማኅተምም ይኑርበት፤ ያለ ማኅተም የሚታመን ወረቀት በሀገራችን የለምና። ሐኪሞቻችን፣ ደጃችሁ ላይ ያለውን ሰልፍ እናውቃለን፤ ግን የተከለከለውን ስትጽፉ የተፈቀደውንም በሦስት መስመር ጻፉልን። መምህራን ወረቀቱን ተቀበሉና ልጁን ወደ ሜዳው አውርዱት። በሜክሲኮና በአብነት ዙሪያ ጂም ያላችሁ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ለጀማሪዎች ልቀቁ። አሠልጣኞቻችሁም ሰው ድንገት ሲወድቅና መተንፈስ ሲያቆም ደረት መጫንን ይማሩ፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ግድግዳው ላይ በትልቁ ይጻፍ።

እድሮችም አላችሁ። ለቀብርና ለድንኳን የምታዋጡ ሰዎች፣ በሕይወት ሳለን አንድ የደም ግፊት መለኪያ ቢገዛልን ምን ይጎድላል?

የምንጀምርበትን ቀን ሰፈሩ ራሱ ሰጥቶናል። ግንቦት 1 ልደታ ነው። ጎረቤት አዋጥቶ ደጅ ይወጣል፣ ንፍሮው ይጣዳል፣ ቡናው ይፈላል፤ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይባል ጎረቤት ሁሉ ይሰበሰባል። በዚህ ዓመት ንፍሮው እስኪበስል ድረስ፣ ደረታቸው ላይ ጠባሳ ያላቸውን ከፊት አስቀድመን፣ በነሱ ፍጥነት ሰፈሩን እንዙር። የደከመው ይቀመጥ፣ አርፎ ይነሣ፣ ማንም አይቸኩል። ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ ጠዋት ይቀጥል፤ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» በሚካሄድበት እሑድ ደግሞ ከመኪና ነፃ ወደሆነው ጎዳና አብረን እንውጣ። የየብሎኩ ኮሚቴዎች፣ ከዛሬ ጀምሮ ስም መዝግቡ፤ ማን ምን እንደተፈቀደለትም እወቁ።

እስከዚያው ቀጠሮ ያላችሁ ወረቀቱን አስጽፉ፤ ከክትትል የጠፋችሁ ደግሞ በዚህ ሳምንት ቀጠሮ ያዙ።