የቻይና ዕፅ አንጎሉ ለተጎዳ ሰው ይበጃልን?



ከቤተሰብ አንዱ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሶ ራሱን ሲስት ዘመድ አዝማድ ይሰበሰባል፤ ዱዓ ይደረጋል። በዚህ መሐል አንዱ «ሐኪም ያልቻለውን የሚያድን የቻይና ዕፅ አለ» ይላል። በጭንቅ ሰዓት ይህን ሰምቶ ዝም ማለት ይከብዳል። ሆኖም ልንይዝ የሚገባን ወሬውን ሳይሆን ማስረጃውን ነው።

የቻይናን ባህላዊ ሕክምና መናቅ ተገቢ አይደለም። በአገራችን ለወባ የምንወስደው ኮአርተም ውስጥ ካሉት ሁለት መድኃኒቶች አንዱ መነሻው የቻይና ዕፅ ነው። በ1970ዎቹ ይህን የደረሱበት ተመራማሪዋ ቱ ዩዩ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ዕፁ ለዚህ የበቃው ጥንታዊ ስለሆነ ሳይሆን ተፈትኖ ስላለፈ ነው።

የአንጎሉስ? «ዦንግፌንግ ዢንግናዎ» የተባለው የዕፅዋት ቅይጥ በ26 የቻይና ሆስፒታሎች አንጎላቸው ውስጥ ደም በፈሰሰባቸው ከ1,600 በላይ ሕሙማን ላይ ተፈትኗል። ከመደበኛው ሕክምና ጋር ግማሾቹ እውነተኛውን፣ ግማሾቹ እሱን የሚመስል ባዶ መድኃኒት ለ28 ቀናት ወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2024 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ከሦስት ወር በኋላ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም። ፈተናው የተካሄደው በቻይና፣ ዕፁም የቻይና መሆኑን ልብ ይሏል።

«ቢያንስ አይጎዳም» የሚሉ አሉ። ይህ ስሕተት ነው። ዳንሸን የተባለው የቻይና ሥር ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው ቢሰጥ የመድማት አደጋውን ይጨምራል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ የሚሰጥ ማንኛውም ነገር፣ ማርም ሆነ የዘምዘም ውሃ፣ ወደ ሳንባው ገብቶ ሊገድለው ይችላል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት እንዳለው አስተምረውናል። ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑንም አስተምረውናል። የፊተኛውን ይዘን የኋለኛውን አንተው።

ስለዚህ ሕመምተኛውን ሳንዘገይ ሆስፒታል እናድርስ። ከሐኪሙ ተደብቀን ምንም አንስጠው፤ ቀድሞ የወሰደው ዕፅ ካለም እንናገር። ለዕፅ መግዣ ያሰብነውን ገንዘብ ለፊዚዮቴራፒ እናውለው። ዱዓችንንም አናቋርጥ፤ ሺፋ ከአላህ ነውና።

አላህ (ሱ.ወ) ሕሙማኖቻችንን ይማርልን። አሚን።