የጓሯችን በቆሎ እና የድሃው ሐቅ

አልሐምዱሊላህ! ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ሲገባ ሐዋሳ ውስጥ ጓሮ ያለን ቤተሰቦች ሥራ ይበዛብናል። የደረቀው በቆሎ ይሸለቀቃል፤ የቡናው ፍሬ ይቀላል፤ እንሰቱ ይኮተኮታል። ልጆቻችን ከመድረሳ ሲመለሱ በቆሎ ይፈለፍላሉ፤ እናቶች ያሰጣሉ፤ አባቶች በጆንያ ይከታሉ።

ውድ አንባቢያን! ከመክተታችን በፊት ስንቶቻችን እንሰፍራለን?

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል አንዓም 141ኛው አንቀጽ የምርትን ሐቅ በሚሰበሰብበት ዕለት እንድንሰጥ አዞናል። በሻፊዒይ መዝሀብ የተፈለፈለው እህል 5 ወስቅ ሲሞላ ዘካ ግዴታ ይሆናል፤ ይህም በብዙ ዑለማዎች ግምት ወደ 650 ኪሎ ይጠጋል። ኢማም አቡ ሐኒፋ ደግሞ ከጥቂቱም ይወጣል ብለዋል። በዝናብ የበቀለው አንድ አሥረኛ፣ ውሃ ቀድተን በድካም ያጠጣነው የዚያ ግማሽ ይወጣል።

«የእኛ ጓሮ ይህን አይሞላም» እንል ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ገጠር ማሳ ያለን ጥቂት አይደለንም፤ የአንድ ባለቤት የአንድ ዓመት በቆሎ አብሮ ይደመራል። ሳይሰፍሩ «አልሞላም» ማለት የድሃን ሐቅ መብላት እንዳይሆንብን እንፍራ።

ባይሞላስ? ሶደቃ አለ። ሙስሊም ከተከለው ሰውም ወፍም እንስሳም ቢበላ ሶደቃ እንደሚሆንለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። ጓሮ ለሌለው ተከራይ ጎረቤታችን፣ ሙስሊም ሆነም አልሆነ፣ ድርሻውን ልጆቻችን ያድርሱለት። መስጠትን ከትንሽነታቸው ይለምዱታል።

አላህ በምርታችን በረካ ያድርግልን። አሚን።