ቁልፉ ወጥቶ ሞተሩ አልጠፋ ሲል

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ልጆች ትምህርት አይደለም፤ ስለ አሮጌ መርሴዲስ ነው። ብትስቁም ግድ የለም።

በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የመጣን ሰዎች ያችን መኪና እናውቃታለን። ሞኒት ሸሩት ሆና ሰባት ሰው ጭና ከከተማ ከተማ የምትመላለሰው ረጅሟ የናፍጣ መርሴዲስ ናት። 123 የሚባለው ሞዴል ከ1976 እስከ 80ዎቹ አጋማሽ ተሠርቶ፣ ወደ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ወጥቷል። ዛሬ 30 ዓመት ያለፈው መኪና በሕጉ የሰብሳቢ መኪና ሊባል ስለሚችል፣ ያኔ ተሳፋሪ የነበረ ሰው አሁን በጡረታው ባለቤት ይሆናል።

እዚሁ ሻዓራይም፣ የመናውያን በቆረቆሩት ሰፈር፣ አንድ አዛውንት ጎረቤት አለኝ። በቀደም "መምህር፣ መኪናዬ አልጠፋ አለችኝ" አሉኝ። ብሄድ እውነት ነው፤ ቁልፉን በእጃቸው ይዘውታል፣ ሞተሩ ግን ይንደቀደቃል። አንድ መካኒክ የናፍጣ ፓምፑ ተበላሽቷል፣ ይቀየር ብሏቸዋል። የጠየቃቸው ገንዘብ የመኪናዋን ግማሽ ዋጋ ያህል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን በኤሌክትሪክ ብልጭታ አይሠራም፤ ስለዚህ ቁልፍ ስላወጣችሁ ብቻ አይጠፋም፣ ናፍጣው መዘጋት አለበት። በዚያ መኪና ናፍጣውን የሚዘጋው ኤሌክትሪክ ሳይሆን የአየር ስበት ነው፤ መካኒኮች ቫኪዩም የሚሉት። በጎንደር የብረት ቀጥቃጮቻችንን ወናፍ የምታስታውሱ ይገባችኋል፦ ወናፍ አየር ይገፋል፣ ይኼኛው ፓምፕ ግን አየር ይስባል። ሞተሩ ያዞረዋል፣ እሱም በቱቦ ውስጥ ያለውን አየር እየመጠጠ ያወጣል።

ከፓምፑ አንድ ወፍራም ቱቦ ወደ ፍሬኑ ሰርቮ ይሄዳል። ከሱ ላይ ቀጫጭን ቱቦዎች ይቀጠላሉ፦ አንዱ ወደ ቁልፉ ማስገቢያና ወደ ናፍጣ መዝጊያው፣ ሌላው ወደ አውቶማቲክ ካምቢዮው፣ ሌላው ወደ በሮቹ መቆለፊያ። ሁሉም ከአንድ ምንጭ ነው የሚጠጡት። እንግዲህ የኋላ በር ውስጥ ያለች ትንሽ ላስቲክ ብትቀደድ፣ ስበቱ በዚያ ያልቅና ሞተሩ አልጠፋም ይላል። በር የት፣ ሞተር የት! 40 ዓመት የሞላው ላስቲክ ደግሞ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ የማንም ጥፋት አይደለም።

አባቴ ቄስ ነበሩ፤ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው፤ አንዷን ሳንለይ ወደ ሌላዋ አያሳልፉንም ነበር። የጎረቤቴ የልጅ ልጅ፣ መካኒክነት የሚማረው፣ በዚያው መንገድ ሠራ። ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ እየነቀለ፣ ጫፋቸውን እየደፈነ፣ ሞተሩን አስነስቶ ማጥፋት ነው። የካምቢዮውን ደፈነ፣ ለውጥ የለም። የበሮቹን ደፈነ፤ ሞተሩ ወዲያው ጠፋ። በሮቹን አንድ በአንድ ሲመረምር የግራ የኋላ በር ሆኖ ተገኘ። ላስቲኩ ከ100 ሸቅል በታች ወጣበት። ልጁን ጎበዝ ማለቴ አልቀረም፤ መካኒክነት ማንበብ አይፈልግም የሚሉ ወላጆች ያንን የቱቦ ሥዕል እንዴት እንዳነበበው ቢያዩት ደስ ይለኛል።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ፍሬኑ ነው። ስበቱ ከሌለ ፍሬን ጨርሶ አይጠፋም፤ ግን በጣም ይከብዳል፣ የሰባ ዓመት ሰው እግር በድንገት ላይችለው ይችላል። ቤታችሁ ሆናችሁ ፈትኑት፦ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፔዳሉን ጠንካራ እስኪሆን ደጋግማችሁ ርገጡ። እንደረገጣችሁ ሞተሩን አስነሱ። ፔዳሉ ከእግራችሁ ሥር ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው ይሠራል፤ ካልተንቀሳቀሰ ስበት አልደረሰውም ማለት ነው።

ሞተሩ እምቢ ሲል ደግሞ ኮፈኑን ክፈቱ፤ ሞተሩ ላይ ስቶፕ የሚል የተጻፈበት ማንሻ አለ፣ እሱን ስትጫኑት ናፍጣው ይዘጋል። ነጠላችሁንና ኩታችሁን አስቀድማችሁ አውልቁ፤ ማራገቢያው እየዞረ ነውና።

ቱቦ የሚቀየር ከሆነ፣ ከመንቀሉ በፊት በስልክ ፎቶ ይነሳ። ቱቦዎቹ ቀለምና ሰረዝ አላቸው፤ የየት መሆናቸው የሚለየው በዚያ ነው። አዲሱ በአሮጌው መንገድ ይሂድ፣ ከጭስ ማውጫው ግለት ይራቅ፣ ጥግ ላይ አይታጠፍ፤ የታጠፈ ቱቦ እንደተደፈነ ነው።

የበሩ ላስቲክ እስኪገኝ ያንን ቅርንጫፍ ደፍኖ፣ በሮቹን በእጅ እየቆለፉ መንዳት ይቻላል። ፔዳሉ ዝቅ ካላለ ግን መኪናዋ ከግቢ አትውጣ፤ ግራር ይጠራላት።