መጽሐፉን ከድነህ ንገረኝ

ሰሞኑን ያበሳጨኝ ጭብጨባ ነው። ሰሜን ወሎ፣ ግራና አካባቢ የንባብ ውድድር ተዘጋጅቶ ነበር። አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ተነሥቶ አንዲት ገጽ በአንድ ትንፋሽ ተወጣት። ወላጁም መምህሩም አጨበጨበ። ልጁ ሲወርድ ጠራሁትና «የኔ አባት፣ ገበሬው በመጨረሻ ምን አደረገ?» አልኩት። ዝም አለ። ደግሜ ብጠይቀው «እንደገና ላንብበው ጋሼ?» አለኝ።

ልጁ አላጠፋም። እስከ ዛሬ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች ይህን ጠቤን ታውቁታላችሁ። «መጀመሪያ ፍጥነት ይምጣ፣ መረዳቱ ይደርሳል» ለሚሉኝ መልሴ አሁንም ያው ነው፤ አይደርስም። በ2002 ዓ.ም. የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች ንባብ ሲፈተኑ ብዙዎቹ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አቃታቸው፤ ካነበቡትም ስላነበቡት ነገር መመለስ ያልቻሉት ጥቂት አልነበሩም። የዓለም ባንክም 90 በመቶው የኢትዮጵያ ልጅ በ10 ዓመቱ ቀላል ጽሑፍ አንብቦ እንደማይረዳ ጽፏል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆን አገሩ ሁሉ ደነገጠ። በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደረሰ። እኔ ነገሩ የተበላሸው ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው ባይ ነኝ።

የእኛ ጽሕፈት ደግሞ ሳይገባው የሚያነበውን ያጋልጣል። «ልጁ ይመታል» ሲላላ መቺው ልጁ ነው፤ ሲጠብቅ ዱላው ያረፈው እሱ ላይ ነው። ፊደሉ ግን አንድ ነው፤ የሚለየው ከፊትና ከኋላ ያለው ወሬ ነው። መምህሩ ጆሮውን ቢያቀና ልጁ መረዳት አለመረዳቱን ከአጠባበቁ ያውቃል። የሰሞኑ ተሸላሚ የሚጠብቀውን ሁሉ እያላላ ነበር ያለፈው።

ቃልስ? የግራና ልጅ ቃል ሞልቶታል። ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ከማሽላው ወፍ ሲያባርር የዋለ ልጅ ነው። ቦዩን፣ ነዶውን፣ አውድማውን ማን ያስተምረዋል? መጽሐፉ «ተፋሰስ» ሲለው ግን ፍቺውን ከሰሌዳ ገልብጦ ያልፋል። መምህሩ ወንዙ ዳር ወስዶት፣ ከየትኛው ጋራ የዘነበው ወዴት እንደሚወርድ አሳይቶ፣ «ተፋሰስ ይኸውልህ» ቢለው ቃሉ እስኪያረጅ አይረሳውም። ማታ ደግሞ እናቱ «እንቆቅልሽ» ስትለው «ምን አውቅልሽ» ብሎ ቃል የሚያገላብጥ ልጅ ነው፤ ክፍል ሲገባ ለምን ዝም ይላል?

«እኛም የተማርነው በሽምደዳ ነው» የሚሉኝ አሉ። ግማሹን ነው የሚያወሩት። የቆሎ ተማሪው ንባብ ቤት ቢሸመድድ ከፊቱ ትርጓሜ ቤት አለ፤ እዚያ አንዲቱን ቃል «አንድም» እያሉ ያመላልሷታል። የየጁው ዳና በመላው ወሎ ስሙ የተጠራው በኪታብ ትምህርቱ ነው፤ የወሎ ደረሳ ኪታቡን ሸኹ ፊት ይቀራል፣ ማብራሪያውንም በአማርኛ ይሰማል። ከሁለቱም ቤት ሽምደዳውን ወሰድን፣ ማብራሪያውን ተውነው። ይህ ያንገበግበኛል።

መጽሐፍ የለም ማለት እውነት ነው። ጦርነቱ ብዙ የሰሜን ወሎ ትምህርት ቤቶችን አራቁቷቸዋል። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ግን በአዋሳ የልጆች መጻሕፍትን አህያ በሚጎትተው ቤተ መጻሕፍት መንደር ለመንደር አዙሯል። ከመርሳ እስከ ግራና አህያ የማይደርስበት ቀበሌ አላውቅም። ወልዲያና አዲስ አበባ ያላችሁ የአገሬ ልጆች፣ መደርደሪያችሁ ላይ አቧራ የለበሰውን የተረት መጽሐፍ ላኩልን።

ውድድሩን ለምታዘጋጁ ደግሞ፦ በሚቀጥለው ውድድር ሰዓት መያዙ ይቅር። ልጁ ያንብብ፣ መጽሐፉን ይክደን፣ ከዚያ በገዛ ቃሉ ለታዳሚው ይተርክ። ጭብጨባውም ያኔ ይሁን።